ኤልያ ካፒቶሊና፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሮማውያን በፈረሰችው ኢየሩሳሌም ላይ ስለቆረቆሯት ኤልያ ካፒቶሊና ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ በጥያቄ ሆኛለሁ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

ዓመቶቹ በኛ ነው በፈረንጅ? ላላችሁ፦ በፈረንጅ።

አንዱ «ከተማዋን ያፈረሳት ቲቶ አይደል እንዴ፣ ሃድሪያንን ከየት አመጣኸው?» ይላል፣ ቆጣ ብሎ። አዎ፣ በ70 ያፈረሳት የሮማው ጦር አዛዥ ቲቶ ነው። ከዚያ ፍርስራሹ ላይ አሥረኛው ሌጌዎን የሚባለው የሮማ ጦር ክፍል ሰፈረ። የሌጌዎኑ ማኅተም ያለባቸው የጣሪያ ሸክላዎች ዛሬም ከመሬት ይወጣሉ። ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን የመጣው 60 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከተማዋን በራሱ ቤተሰብና በሮማውያን ዋና ጣዖት በጁፒተር ስም የጠራትም እሱ ነው።

ሁለት ጓደኛሞች ደግሞ ቡና ተወራርደዋል፦ አይሁድ በሮማውያን ላይ ያመፁበት የባር ኮክባ አመፅ የተነሳው ከተማዋ ስለተቆረቆረች ነው ወይስ የተቆረቆረችው አመፁ ከከሸፈ በኋላ ነው? ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ካስዩስ ዲዮ የመጀመሪያውን ይላል፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ሁለተኛውን። ለካስዩስ ዲዮ የመሰከረችለት ሳንቲም ናት። ሳንቲሟ ላይ ንጉሡ በሬና ላም ጠምዶ የከተማዋን ወሰን ሲያርስ ይታያል፣ ከኋላ የሌጌዎኑ ዓርማ ቆሟል። (ላም ትጠመዳለች ወይ እንዳትሉ፣ ሮማውያን ከተማ ሲመሠርቱ ወጉ ይሄ ነው።) የኤልያ ሳንቲሞች በይሁዳ በረሃ ዋሻ ውስጥ ከአማፅያኑ ሳንቲሞች ጋር አብረው ተገኙ። አመፁ ሳያበቃ ሳንቲሙ በሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ቡናውን የሚገዛው የአውሳብዮስ ደጋፊ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ አይሁድ ከተማዋን እንዳይረግጡ ታገዱ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ገብተው የሚያለቅሱት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር።

«ልሳለም ልሄድ ነው፣ ከኤልያ የሚታይ ነገር ቀርቷል?» ላሉኝ እናት፦ እማማ፣ የሚሄዱበት መንገድ ራሱ እኮ የኤልያ ነው! በደማስቆ በር ሲገቡ ፊት ለፊት የሚወርደው የገበያ መንገድ የሮማውያኑን ዋና ጎዳና ተከትሎ የሄደ ነው። ከመግባትዎ በፊት ግን ከድልድዩ ሥር ወረድ ይበሉ። አሮጌው የሮማውያን በር እዚያ አለ፣ ከላዩም የከተማዋ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ። አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልንገርዎ። በሕማማቱ መንገድ ላይ «ጲላጦስ ጌታን ያቆመበት» እየተባለ ምዕመን የሚያለቅስበት ቅስት አለ። አብዛኞቹ አጥኚዎች የሃድሪያን ዘመን ነው ይላሉ፣ ከጲላጦስ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። ጸሎቱን ማንም አይከለክልዎትም፣ አስጎብኚው ግን ይህን አውቆ ዝም ሲል ደስ አይለኝም። የኛ መነኮሳት ካሉበት ከዴር ሱልጣን ጥቂት እልፍ ሲሉ፣ ሩሲያዎቹ ግቢ ውስጥም የዚያ ዘመን ቅስት ቅሪት አለ።

መስቀሉ የተቀበረው በቆሻሻ ክምር ነው ወይስ በቤተ ጣዖት ሥር? አውሳብዮስ የጌታ መቃብር በአፈር ተሞልቶ የአፍሮዲት ቤተ ጣዖት እንደተሠራበት፣ ቆስጠንጢኖስም አስፈርሶ አፈሩን እንዳስጠረገ ጽፏል። በቦታው የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በ335 ተመረቀ። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን አገኘች የሚለውን ግን አውሳብዮስ አያነሳም። የቀረውን መምህራንን ጠይቁ።

የመጨረሻው፣ «የኤልያ ሳንቲም» ከመንገድ ላይ ገዝቶ ስንት ያወጣል የሚለኝ ወንድሜ። ወንድሜ፣ በፎቶ አልገምትም፣ ሌላም ፎቶ አትላክ። በሎሚም በምንም እንዳትፈትገው። ወደ ሙዚየም ወይም ወደ ሳንቲም ባለሙያ ይዘኸው ሂድ፣ የግድ ነው። እስራኤል ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይዘኸው እንዳትወጣ፣ ኤርፖርት ላይ ያዙኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ።