ስኩባን በውሃ ስፖርት ኤክስፖ ለአዲስ ሰው ማስተዋወቅ፦ ጥያቄና መልስ

ለሕዝብ ክፍት በሆነ የውሃ ስፖርት ኤክስፖ ላይ ለመቅረብ የምታስቡ ክለቦችና አሰልጣኞች ጥያቄ አዥጎድጉዳችሁልኛል። ደስ ብሎኛል፤ ስኩባ፣ ማለትም የመተንፈሻ ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ መጥለቅ (ዳይቪንግ)፣ አዲስ ሰው ይፈልጋልና። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የዳይቪንግ ብቻ የሆኑ ትርኢቶች እያሉ ከጀልባና ከካያክ ሻጮች ጋር ምን አጋፋን?

ዳይቪንግ ብቻ ወደሆነ ትርኢት የሚመጣው ሰው አብዛኛው ጠላቂ ነው። እሱ የሚፈልገው አዲስ ዕቃና አዲስ መዳረሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደው የዳይቪንግ ንግድ ትርኢት፣ ዴማ ሾው፣ ደግሞ ጭራሹኑ ለዘርፉ ባለሙያዎች እንጂ ለሕዝብ ክፍት አይደለም።

ጀርመን ዱሰልዶርፍ ላይ ከ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደውን ቡት የተባለ የጀልባና የውሃ ስፖርት ኤክስፖ ተመልከቱ። ጀልባ ሊያይ የመጣ ቤተሰብ ሲዘዋወር የዳይቪንግ አዳራሽ ውስጥ ይገባል። ሰርፍ የሚወደውም፣ በሸራ ጀልባ የሚጓዘውም እንደዚያው። እነዚህ ሰዎች ከውሃ ጋር የተላመዱ ናቸው፤ የሚያውቁት ግን ከላይ ከላዩን ነው። ለእኛ ከእነሱ የተሻለ ጎረቤት የለም።

ጥያቄ፦ ምን እናሳይ? ዕቃ እንደርድር?

ዕቃው ይቆይ። ለማያውቅ ሰው የሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) ዓይነትና የዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ጊዜ የሚከታተለው መሣሪያ) ምንም አይነግረውም፤ እንዲያውም “ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል እንዴ?” ብሎ ይሸሻል። ውሃ ውስጥ መተንፈስን አስቀምሱት።

አንድ ሰው ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ ፊቱን ሲያጠልቅ ልብ ብላችሁ እዩት። ሬጉሌተሩ አፉ ውስጥ እያለ ትንፋሹን ይይዛል። ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል። አሰልጣኙ ክንዱን ይዞ በእጅ ምልክት “አስወጣ” ይለዋል። አረፋው ሲወጣ ትከሻው ይረግባል፤ ትንሽ ቆይቶ ግራ ቀኙን ማየት ይጀምራል። ያ ሰው ከውሃ ሲወጣ እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ራሱ ነው በጥያቄ የሚያጣድፋችሁ።

ገንዳ ካልተቻለ ሲሊንደርና ሬጉሌተር አገናኝታችሁ እዚያው ቆሞ ይተንፍስበት። አፍ ውስጥ የሚገባው ክፍል ግን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ በፀረ ተሕዋስያን መጽዳት አለበት። ዕቃው ሲጸዳ ጎብኚው በዓይኑ ይይ።

ጥያቄ፦ ተንቀሳቃሽ ገንዳ ለማቆም መጀመሪያ ምን እንጠይቅ?

የአዳራሹ ወለል የሚችለውን ክብደት። 8 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ 1.2 ሜትር ውሃ የያዘ ገንዳ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ይህ ማለት 48 ቶን ነው፤ ሰውና ዕቃ ሳይጨመር። ቀጥሎ የት እንደሚሞላና የት እንደሚፈስ፣ ለማሞቅም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቁ። የሚያንቀጠቅጥ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ስኩባን የሚያስታውሰው በብርዱ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃው ወገብ ድረስ ነው። የጤና መጠይቅ ማስሞላቱ ወረፋ አያበዛም?

ያበዛል፤ ቢሆንም አስሞሉ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ውሃ ውስጥ የተተነፈሰ አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይሰፋል። ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ድንገት የተነሳ ሰው ከአንድ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ጥልቀትም ሳንባው ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው “ትንፋሽህን አትያዝ” የሚለው ሕግ ከሁሉም የሚቀድመው። አስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ይህ ሙከራ እንደማይሆን ወረፋ ላይ ከመቆማቸው በፊት ይነገራቸው፤ ልብስ ከቀየሩ በኋላ መመለስ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው ወይ ይሉናል።

አይደለም፣ አየር ነው። የምንተነፍሰው ያው አየር ተጣርቶና ታምቆ። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ወደ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል።

ጥያቄ፦ ሻርክ የሚፈራውንስ ምን እንበለው?

መጀመሪያ አፉን የከፈተ ሻርክ ያለበትን ፖስተር አውርዱት። እሱን እያዩ ማጽናናት አይሆንም። የኮራል ዓሦችን፣ የባሕር ኤሊን፣ የሰመጠች መርከብን ስቀሉ። ፍርሃቱን ግን አትሳቁበት፤ በቁም ነገር መልሱለት።

ጥያቄ፦ ልጆችና ዋና የማይችሉ ሰዎችስ?

በዓለም አቀፉ የዳይቪንግ ሥልጠና ድርጅት በፓዲ አሠራር ከ8 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ከአሰልጣኝ ጋር እስከ 2 ሜትር መሞከር ይችላል፤ ለልጆች የሆነው የጀማሪ ኮርስ፣ ጁኒየር ኦፕን ዋተር፣ ከ10 ዓመት ይጀምራል። ዋና የማይችል አዋቂ ደግሞ እግሩ በሚደርስበት ገንዳ፣ አሰልጣኝ ከጎኑ ሆኖ ቢሞክር ችግር የለውም። የጀማሪ ኮርሱን ለመጨረስ ግን 200 ሜትር ያለ ሰዓት ገደብ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጠበቅበታል። ይህን አትደብቁት። ዋና ወደሚማርበት ምሩት፤ ቆይቶ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ገንዳችን ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ዋለ። የተመዘገበ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የት ጋ ነው የሳትነው?

ብዙዎቻችሁን ያስቸገረው ይሄ ነው። ሰውየው ፀጉሩ ሳይደርቅ፣ ልቡ ሞቆ ሳለ ብሮሹር ይዞ ይሸኛል። ቤቱ ሲደርስ ብሮሹሩ ከሌላ ሃያ ወረቀት ጋር ተደባልቋል።

ከገንዳው መውጫ ላይ ወንበርና የቀን መቁጠሪያ ይኑር። “ኮርስ ትመዘገባለህ?” ለጀማሪ ከባድ ጥያቄ ነው። “በሚቀጥለው ቅዳሜ ገንዳችን ውስጥ ከረም ያለ ሙከራ አለ፣ ስምህን ልያዝልህ?” ግን ቀላል ነው። ስልኩን ፈቅዶ ከሰጠ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ደውሉ፤ ከዚያ ካለፈ ስሜቱ ይቀዘቅዛል።

ኮርሱን ደግሞ በግልጽ አስረዱት። ብዙ ሰው ወራት የሚፈጅ ይመስለዋል። ንድፈ ሐሳብ፣ የገንዳ ልምምድ፣ ከዚያ አራት ጊዜ ባሕር ወይም ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ፤ ሲጨርስ እስከ 18 ሜትር መውረድ ይችላል። ውጤታችሁን ስትለኩም ገንዳ የገባውን ሳይሆን ኮርሱን የጨረሰውን ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ዳሱ ላይ ማን ይቁም?

ገንዳው ውስጥ፣ ያለ ጥርጥር ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ። መግቢያው ላይ ግን በቅርብ ጊዜ ኮርሱን የጨረሰ ሰው አቁሙ። የበዛ ልምድ ያለው ጠላቂ ሳያስበው ስለ ጥልቀትና ስለ ጋዝ ድብልቅ ማውራት ይጀምራል። አዲሱ ግን ጆሮው ሲጨናነቅ ምን እንደተሰማው፣ አፍንጫውን ይዞ በቀስታ ሲነፋ እንዴት እንደተከፈተለት ገና አልረሳም። ወጣት ወንዶችን ብቻም አትደርድሩ፤ የሃምሳ ዓመት ሴት ጠላቂ ካለቻችሁ ፊት ለፊት ትቁም። በየሁለት ሰዓቱ ቀያይሯቸው፤ የደከመ ሰው ፊቱ ያስታውቃል።