ከዩኒቨርሲቲያችሁ ፋውንዴሽን መልእክት ሲመጣ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ

ዘንድሮ ለተመረቃችሁም፣ ከተመረቃችሁ አራት አምስት ዓመት ለሆናችሁም ነው የምጽፈው። አንድ ቀን በቴሌግራም ግሩፓችሁ ረጅም መልእክት ይገባል። «ውድ የፋውንዴሽናችን ደጋፊዎች» ብሎ ይጀምራል። የዓመቱ ዜና አለው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ አለው፤ መጨረሻው ላይ የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለው። አብዛኞቻችሁ የልብ ምልክት ታስቀምጡና ወደ ኳሱ ወሬ ትመለሳላችሁ። ጥቂቶቻችሁ አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ብር ትልኩና ከዚያ በኋላ ዞር ብላችሁ አታዩትም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦዲት ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር እግሬን አፍታታለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ አንዱ ማኅበር «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ሂሳብ እዩልን» ብሎ ወረቀት ይዞ ይመጣል። እና ከዚህ ሁሉ ወረቀት በኋላ ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ነው። ትንሽ እየሰጠ የሚጠይቅ ሰው፣ ብዙ ሰጥቶ ከሚጠፋው ይበልጥብኛል። ፋውንዴሽን የሚሞተው ገንዘብ በማጣት ብቻ አይደለም። ጠያቂ ሲያጣም ይሞታል፤ እንዲያውም የዚህኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም ልብ አይለውም።

መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ የምትሉኝን ላንሳ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ኮስት ሼሪንግ እየከፈልን ነው፣ ሌላ ምን አለብን?» ትላላችሁ። ልክ ነው፣ ትከፍላላችሁ። ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ጀምሮ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ተመራቂው ይጋራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ይኼ ግን ዕዳ ነው። ተሰብስቦም ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ እናንተ የተማራችሁበት ላብራቶሪ በር ላይ አይደርስም። ኬሚስትሪ ክፍሉ ሬጀንት፣ ማለትም ለሙከራ የሚውለው ኬሚካል፣ አልቆበት ተማሪው ሙከራውን በሰሌዳ ላይ ብቻ ሲማር፣ የእናንተ ኮስት ሼሪንግ ያንን አይሞላም። ፋውንዴሽን የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው ለዚያ ክፍተት ነው። የበጀት ኮድ ለሌለው ነገር። ከገጠር መጥታ የመመለሻ ትራንስፖርት ላጣች ልጅ፣ ለተሰበረች ማይክሮስኮፕ መለዋወጫ፣ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ የጥናት ወጪ።

ሌላው ሰበብ «እኛ ሀብታም አይደለንም» የሚለው ነው። ለዩኒቨርሲቲ መስጠት የባለጸጋ ሥራ ይመስለናል። ምናልባት ትልቁ ስጦታችን የንጉሥ ስለነበረ ይሆናል፤ ጃንሆይ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው በ1954 ዓ.ም. በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተበት፣ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እዚያው ነው። ቤተ መንግሥት ያለው ቤተ መንግሥቱን ይስጥ። እናንተ እድር ታውቁ የለ? እድርተኛ በዚህ ወር ሰው ባይሞትም መዋጮውን ይከፍላል፤ ሀብታሙም ደሃውም እኩል ይከፍላል፤ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ገልጦ ካላሳየ ደግሞ እናቶቻችን አያስቀምጡትም። እኔ የምፈልገው ይኸው ልማድ ወደ ተማራችሁበት ግቢ እንዲሻገር ነው። አዲስ ነገር አልጠየቅኳችሁም።

አሁን ወደ መልእክቱ ልመለስ። እንዴት ነው የሚነበበው?

ዜናውን ስታነቡ የተሠራውንና ሊሠራ የታሰበውን ለዩ። የእኛ አገር ሪፖርት «እየተሠራ ይገኛል» በሚለው ይሞላል። «እየተሠራ ይገኛል» ለኦዲተር ባዶ ወረቀት ነው። ስንት ተማሪ ተረዳ? ለስንት ወር? አምና ድጋፍ ያገኙት ስንቶቹ ዘንድሮም ትምህርት ላይ ናቸው? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ብዙ ዜና እሷ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

ፎቶውንም እዩት። ርክክብ ይወዳሉ። ሪባን ይቆረጣል፣ ካርቶን ይደረደራል፣ ኃላፊው ፈገግ ይላል። እኔ ደግሞ ከርክክቡ በኋላ ነበር የምደርሰው። አንድ ተቋም ውስጥ ንብረት ስንቆጥር ስቶር ውስጥ በእርዳታ የመጣ የላብራቶሪ ዕቃ፣ ፕላስተሩ ሳይላጥ፣ ከነካርቶኑ አገኘን። ለምን እንዳልተከፈተ ብንጠይቅ ሦስት መልስ መጣ፤ አንዱ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል አለ፣ ሌላው የሚገጥመው ባለሙያ የለም አለ፣ ሦስተኛው ፈርሞ የተረከበው ሰው ተዛውሮ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም አለ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ለጋሹ ግን እስከ ዛሬ ያ ማሽን እየሠራ ይመስለዋል፤ ፎቶውን አይቷላ! ስለዚህ ፋውንዴሽናችሁ «ዘንድሮ መሣሪያ ገዛን» ሲል ደስ ይበላችሁና «ማን ይጠግነዋል? የሚቀጥለው ዓመት ሬጀንትስ በማን በጀት ነው?» ብላችሁ ጻፉ። በጨዋ ደንብ ጻፉ። አትሳደቡ።

ፎቶ ካነሳን አይቀር አንድ የሚያበግነኝን ልናገር። እርዳታ የተቀበሉ ተማሪዎችን ደርድሮ፣ ደብተርና የንጽህና መጠበቂያ አሲዞ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ። ልጅቷ ነገ መሐንዲስ ትሆናለች፣ ሐኪም ትሆናለች፤ ዶርም የምትጋራት ጓደኛዋ ያን ፎቶ አይታዋለች። ለመቶ ብር ስንል የሰው ፊት አናስገላምጥ። ማስረጃ ያስፈልጋል ከተባለ ፊርማ አለ፣ የባንክ ዝውውር አለ፣ ቁጥር አለ። እኔ በሥራ ዘመኔ የማንንም ልጅ ፊት አይቼ ሂሳብ ዘግቼ አላውቅም። ፋውንዴሽናችሁ ይህን የሚያደርግ ከሆነ መጀመሪያ የምታስቆሙት ነገር ይህ ይሁን።

ዕቅዱ ላይ ስንመጣ ነገሩ ከበድ ይላል። ገንዘቡን የሚበሉት ዛሬ ነው ወይስ የሚያስቀምጡት? ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዋናውን ገንዘብ አይነኩም፤ ያፈሰሱት ከሚያመጣው ትርፍ፣ በየዓመቱ የጠቅላላውን ገንዘብ 5 በመቶ አካባቢ እየወሰዱ ይሠራሉ። የሃርቫርድ ቋሚ ገንዘብ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ እሱን እንተወው። እኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት የሚባል አደረጃጀት ይፈቅዳል፤ አንድ ንብረት ለበጎ ዓላማ ለዘለቄታው ይመደባል፣ ተመልሶ አይወሰድም። ጥሩ ሕግ ነው። የቀድሞው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ከነበረበት ጥበት አንጻር ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ግን እስቲ አብረን እናስላ። 1,000 ተመራቂ በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን ሙሉውን በዚያው ዓመት ብታከፋፍሉት፣ ለአንድ ተማሪ በወር 500 ብር ለ10 ወር ብትሉ፣ 240 ተማሪ ትደግፋላችሁ። የሚቀጥለው ዓመት ካዝናው ባዶ ነው፤ እንደገና ከዜሮ። ዋናውን ሳትነኩ በ7 በመቶ የባንክ ወለድ ብታስቀምጡት ደግሞ ወለዱ 84,000 ብር ነው፣ 16 ተማሪ ብቻ ይይዛል። «ግን ዋናው ይቆያል» ትሉኛላችሁ። አይቆይም! 2014 ዓ.ም.ን አስታውሱ፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 1,000 ብራችሁ 1,070 ሲሆን፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 1,300 አልፏል። ደብተሩ ላይ አድጓል፣ ገበያ ላይ ቀልጧል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ሬጀንቱንም መለዋወጫውንም በዶላር የሚገዛው ሰው ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በእኛ አገር ሁኔታ አዲስ ፋውንዴሽን የመጀመሪያ ዓመታት መዋጮውን ባብዛኛው ተማሪው ላይ ቢያውለው ይሻላል። የተማረ ልጅ በዋጋ ንረት አይቀልጥም። ከመዋጮው አንድ አራተኛ ያህሉን ግን ለይቶ ያስቀምጥ፣ የሚያስቀምጠውም ባንክ ውስጥ ተኝቶ ሳይሆን ኪራይ በሚያስገኝ ነገር፣ ወይም የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ከሕዝብ የሚበደርበት ወረቀት) እና አክሲዮን በሚያውቅ ሰው ምክር ይሁን። አሁን እነዚህ የሚገበያዩበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም ተከፍቷል። ውጭ ያላችሁ ልጆች በውጭ ምንዛሪ ስትልኩ ለምን እንደሚውል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እንደዘበት በብር ተመንዝሮ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል። ይህን የምለው ሁሉም ይስማማበታል ብዬ አይደለም። የምታውቁት የፋይናንስ ሰው ሌላ ሊላችሁ ይችላል። ዕቅዱ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር ካጣችሁ ግን ዕቅድ አልተጻፈላችሁም፣ ምኞት ነው የተጻፈላችሁ።

የአስተዳደር ወጪም ጠይቁ። ያ የ2011ዱ አዋጅ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል፤ ለባለሥልጣኑ የቀረበውን ለእናንተ ማሳየት ምን ይከብዳል? እንግዲህ «አናሳይም» ካሉ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ደመወዝ ለምን ይከፈላል እያላችሁ አትጨቅጭቁ። ደብተር የሚይዝ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። በነጻ የሚሠራ ሂሳብ ያዥ መጀመሪያ ያዘገያል፣ ቀጥሎ ይረሳል፣ በመጨረሻ ይጠፋል።

የምርጫ መስፈርቱም አለ። ድጋፉን ማን ነው የሚያገኘው? በሚዛን ነው ወይስ በሰፈር ልጅነት? ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። መስፈርቱ ተጽፎ ግቢ ውስጥ ይለጠፍ። በቃ።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ጊዜ አላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። እናንተ ያለፋችሁት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብታስጠኑ፣ ከብዙ ብር የሚበልጥ ነገር ሰጣችሁ። ሲቪ አይቶ ማረም፣ ለኢንተርንሺፕ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ወንበር መለመን፣ ይኼ ሁሉ መዋጮ ነው። ፋውንዴሽኑ ይህን የሚመዘግብበት ቦታ ከሌለው እንዲከፍት ንገሩት።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፣ ሌሎቹም በየተራቸው እየተዘጋጁ ነው። ራሱን የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ገቢውንም ራሱ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ ያለው መልእክት ይበዛባችኋል እንጂ አይቀንስም። ከአሁኑ ልመዱት።

አንድ ተግባር ልስጣችሁና ላብቃ። ተመራቂ ጠፍቷል። ማለቴ አለ፣ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የእኛን የሐዋሳውን ተመልከቱ። እንደ አውሮፓውያን በ1976 አዋሳ እርሻ ኮሌጅ ሆኖ ጀመረ፤ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዲግሪው ላይ «ደቡብ» የሚል ያለው ሰው «የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን» የሚል ጥሪ ሲሰማ እሱን የሚመለከተው አይመስለውም። እርሻ ኮሌጅ የተማረው የእኔ እኩያማ ጭራሽ ዞር ብሎም አያይ። የእናንተ ዘመን ደግሞ ስም ሳይሆን ሲም ካርድ ይቀያይራል። የምረቃ ሰሞን ጋዋን ለብሳችሁ ሐይቁ ዳር ፎቶ ስትነሱ የነበራችሁት ሁሉ፣ በዓመቱ ግማሻችሁ በድሮ ቁጥራችሁ አትገኙም።

እና በዚህ ሳምንት የክፍላችሁን ዝርዝር አውጡ። ስም፣ የተመረቁበት ዓመት፣ ትምህርት ክፍል፣ አሁን ያሉበት ከተማ፣ የሚሠራ ስልክና ኢሜይል። አገር ውስጥ የሚቆይ አንድ ሰውና ምትክ የሚሆነው ሌላ ሰው ይያዘው፤ ቪዛ የሚጠባበቀውን ልጅ አትምረጡ። ማን እንዲያየው እንደፈቀዳችሁ ጻፉበት፣ የሰው ስልክ እንደ በራሪ ወረቀት አይበተንም። አንዱን ኮፒ ለምሩቃን ጽሕፈት ቤቱ ስትሰጡ የተቀበለውን ሰው አስፈርሙት።