ድምፅ አልባ ፊልምን በዑድ፣ በቃኑንና በሪቅ ስለ ማጀብ

የጠየቁት፣ ሎተ ራይኒገር በ1926 እ.ኤ.አ. ከጥቁር ካርቶን ቀርጻ በሠራቻቸው ጥላ መሰል ምስሎች የተረከችውን የልዑል አህመድን ፊልም በዑድ (አንገተ አጭር የክር መሣሪያ)፣ በቃኑን (ብዙ ክር ያለው ጠፍጣፋ መሣሪያ) እና በሪቅ (ሻኩራ ያለው ትንሽ የእጅ ከበሮ) ስታጅቡ ሙዚቃውን በሙሉ በኖታ ብትጽፉት ወይስ መድረክ ላይ እየፈጠራችሁ ብትጫወቱት እንደሚሻል ነው። ይህንኑ ፊልም ከአረብ ሙዚቀኞች ጋር በዑድ ደጋግሜ አጅቤያለሁ፤ እኔ የምመክርዎት ከዜማው ይልቅ የመቃሙን፣ ማለትም የቅኝቱን፣ ጉዞ እንዲጽፉ ነው።

በመጀመሪያው ዝግጅታችን ለየትዕይንቱ ዜማ ጽፈን ሰከንዱን ሳይቀር ለክተን ነበር። የተለማመድንበት ቅጂ በሰከንድ 24 ምስል የሚሄድ ሲሆን በአዳራሹ የታየው ግን በ18 ነበር። በ24 አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በ18 ሲታይ 80 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ ዜማችን ከምስሉ ቀድሞ እያለቀ እጅግ አስጨነቀን። ስለዚህ ፍጥነቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

ከዚያ ወዲህ የምንይዘው ለየትዕይንቱ መቃሙንና መሪውን መሣሪያ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ለምሳሌ ልዑሉ የሚያፈቅራትን ፓሪ ባኑን በሐይቁ ዳር ሲያያት ባያቲ በተባለው መቃም እንቆያለን፤ ስትወሰድበት ሳባ ወደተባለው እንሻገራለን። የሁለቱ መቃሞች የመጀመሪያ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ አራተኛው ዝቅ ሲል ብቻ ሐዘኑ ይገባል፤ ጆሮው በትዝታ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሽግግሩን ግን ዑድ ይምራው፤ የዑድ አንገት እንደ ጊታር የድምፅ መከፋፈያ ስለሌለው ጣትን ማንሸራተት ይበቃል፣ የቃኑን ተጫዋች ግን በክሮቹ ጫፍ ያሉትን ትንንሽ የብረት ማንሻዎች በግራ እጁ እስኪያስተካክል ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል።

ሂጃዝ የተባለውን መቃም ይቆጥቡት። ምሥራቅን የሚያሳይ ምስል ሁሉ በሂጃዝ ሲታጀብ ስለኖረ፣ ገና ከመጀመሪያው ከተጫወቱት ተመልካቹ ፊልሙን ማየቱን ይተዋል። እኛ ለፊልሙ ክፉ አስማተኛ ብቻ አስቀርተነዋል።

የእሳት ተራራዋ ጠንቋይና አስማተኛው መልካቸውን እየለዋወጡ ሲዋጉ ዜማ አያስፈልግም። በግብፅ የዛር ሥርዓት የሚመታውን አዩብ የተባለውን ባለ ሁለት ምት ስልት ሪቁ ብቻውን ቀስ ብሎ ይጀምርና እያፈጠነ ይሂድ። ውጊያው ሲያበቃ ሪቁን ጭን ላይ አሳርፈው ዝም ይበሉ፤ ዑዱ የሚገባው ቀጣዩ ምስል ሙሉ በሙሉ ከተገለጠ በኋላ ነው።