«ሹፌሩ ደሃ ነው» ካሳ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ታናሽ ወንድሜን ባጃጅ ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። የቀን ሠራተኛ ነው፤ 2 ወር ሙሉ ሥራ አልገባም። ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ የባጃጁ ባለቤት «ሹፌሬ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፣ ደግሞ ደሃ ነው፣ እናንተ ውጭ አገር እህት አላችሁ፣ ልጁም ዘሎ ነው የገባው» አለን። የቱን ልቀበል?

መልስ፦ ፈጣሪ ይማርልህ ወንድሜ። አንድ ነገር ሲባል «ይሄ እውነት ቢሆን ማን እንደሚከፍል ወይም ስንት እንደሚከፈል ይቀይራል?» ብለህ ጠይቅ።

የእህትህ ነገር ምንም አይቀይርም። ብር ላከች አልላከች፣ እግሩ ያው ተሰብሯል። ቀስ ብሎ መንዳቱም ባለቤቱን አያድነውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለ ተሽከርካሪው ራሱ ባያጠፋም ለጉዳቱ ይጠየቃል ይላል። «ዘሎ ገባ» የሚለውን ግን በዋዛ አትለፈው። እውነት ከሆነ ካሳውን ሊቀንሰው ይችላል፣ ስለዚህ መንገዱ ዳር በርበሬ የምትሸጥ ሴት አይታ ከሆነ ሳትረሳው ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቃት። ድህነቱ ያሳዝናል፤ በየወሩ ይከፈል ለማለት ይጠቅማል እንጂ ጉዳቱን አያሳንሰውም።

እናንተም «ባለባጃጅ ሁሉ እንዲህ ነው» ማለቱን ተዉት። የራጅ ውጤቱን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ የቀን ሒሳቡን የሚመሰክር ፎርማን ይዛችሁ ቅረቡ። ሽምግልናው ከተጓተተ ደግሞ ቀኑን ቁጠር፤ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።