ዛሬ ማታ ጠይቁኝ፦ አፓረንት (የሥራ ላይ ልምምድ) ለወጣችሁ የእንክብካቤ ሰልጣኞች

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፤ እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ግሩፕ ላይ ነኝ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአያት ሰፈር፣ ከሰበታ ብዙዎቻችሁ በዚህ ሳምንት አፓረንት ጀምራችኋል። ሰው ቤት የተመደባችሁም አላችሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። መርፌና መድኃኒት የእናንተ ሥራ አይደለም። ያልሠራችሁትን ሠራሁ ብላችሁ አትፈርሙ። በሉ ጠይቁ።

ጀማሪዋ፦ ሲስተርዬ፣ ነገ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ምን ልያዝ?

ሲስተር፦ እስክሪብቶ፣ ትንሽ ደብተር፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት። ጥፍርሽን ቁረጪ። ቀለበትሽን ቤት ተዪው።

ኮዬ ፈጬ፦ በስትሮክ ግራ ጎናቸው የደከመ አባት ቤት ነው የተመደብኩት። ከአልጋ አይወርዱም። ልጆቻቸው «ዝም ብለህ አገላብጣቸው» ይሉኛል። በየስንት ሰዓቱ? እንዴት?

ሲስተር፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ። ሰው በአንድ ጎኑ ሲቆይ ቆዳው በአጥንትና በፍራሽ መሃል ይጨመቃል፤ ደም አይደርሰውም። የመኝታ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። ጭራ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላ፣ ጆሮም ሳይቀር።

ሙሉ በሙሉ በዳሌያቸው አታስተኛቸው። ከጀርባቸው ትራስ ደግፈህ ጋደም ይበሉ። ሌላ ትራስ ከባታቸው ሥር አድርግ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ። ወደ ላይ ስትስባቸው አትጎትት፤ ቆዳው ይላጣል። ለሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሷቸው። የደከመውን እጃቸውን ይዘህ የሳብክ ቀን ትከሻቸውን ታወልቃለህ። ልብስ ስታለብስ ከደከመው ጎን ጀምር፤ ስታወልቅ ከደህናው።

አሁን ዋናው። መጽሐፉ «ቀይ ቦታ ፈልጉ» ይላል። በጣት ሲጫኑት ነጣ ብሎ ካልተመለሰ ጉዳት ጀምሯል ይላል። ልክ ነው፤ ግን በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በመንካት ነው። የእጅህን ጀርባ አስጠጋና ከዙሪያው ቆዳ ጋር አወዳድር። ሞቋል? ቀዝቅዟል? ጠጥሯል? ከሌላው ጠቆር ብሏል? ያመኛል ይላሉ? አንዱ እንኳ ካለ በዚያ ጎን አታስተኛ፤ ለነርሷ ንገር። ይህንን ሳልጨቀጭቅ የዋልኩበት ቀን የለም።

ሰበታ፦ እኛ ሰፈር በቅቤ ይታሻል። አያቴ 8 ወር ተኝታ አንድ ቦታ አልቆሰለችም።

የለገጣፎ ልጅ፦ ቅቤው አይደለም፣ እናትህ ሌሊት እየተነሳች ስላገላበጠቻት ነው።

ሰበታ፦ አንተ ቤታችን ነበርክ እንዴ? 😂

ቱሉ ዲምቱ፦ እኔ ያለሁበት ቤት የመኪና ከመነዳሪ ነፍተው ሥራቸው አድርገውላቸዋል።

ሲስተር፦ ሁለቱም ይቅር። የጠቆረ ወይም የሞቀ ቦታ አይታሽም፣ በቅቤም በቫዝሊንም። ሥሩ ያለው ሥጋ ተጎድቷል፤ ማሸት ይጨምርበታል። ከመነዳሪው ደግሞ ዙሪያውን ይጫንና መሃሉን ደም ያሳጣዋል።

ቱሉ ዲምቱ፦ እሺ ሲስተር። ለመሆኑ ቅቤ ስንት ገባ?

የለገጣፎ ልጅ፦ አትጠይቀኝ ወንድሜ።

ሲስተር፦ የቅቤ ዋጋ ሌላ ግሩፕ ሂዱ።

አያት፦ ሲስተር፣ ስለ ግፊት ያስረዱን።

ሲስተር፦ ምኑን?

አያት፦ ሁሉንም።

ሲስተር፦ «ሁሉንም» ጥያቄ አይደለም። አለካኩን ልንገርሽ። 5 ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት ያስነኩ፣ ክንዳቸው ከልብ ትይዩ ይረፍ። በጋቢና በሹራብ ላይ አይለካም። እየለካሽ አታስወሪ። ቁጥሩን እንዳለ ጻፊ። «ደህና ነው» ብሎ ቁጥር የለም።

ጀማሪዋ፦ እስትንፋስ ስቆጥር እያወቁ ቀስ ብለው ይተነፍሱብኛል።

ሲስተር፦ አትንገሪያቸው። የልብ ምት የምትቆጥሪ መስለሽ የእጅ አንጓቸውን ይዘሽ ደረታቸውን እይ። ሙሉ 1 ደቂቃ። የአዋቂ ሰው ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ነው።

ሰንዳፋ፦ ክፍያው እንዴት ነው? ውጭ አገር ያስኬዳል?

ሲስተር፦ ኤጀንሲ አይደለሁም። መጀመሪያ ሲኦሲውን (የብቃት ማረጋገጫውን) ተፈተኑ።

ገላን፦ እማማ ሲበሉ ቶሎ ቶሎ ትን ይላቸዋል። ልጃቸው ደግሞ እንደ በዓል ጉርሻ በጉርሻ ነው የምታደርጋቸው።

ሲስተር፦ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ መዋጥ ለከበደው ሰው ግን አደጋ ነው። በሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ። ተኝተው አይብሉ፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ዋጡ ወይ? አይተሽ ነው ሁለተኛውን የምታቀርቢው። ስትሮክ ካለባቸው በደከመው ጎን ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ተወሽቆ ይቀራል፤ አፋቸውን አስከፍተሽ እይ። በልተው ሲጨርሱ 30 ደቂቃ ያህል ቁጭ ይበሉ። ብዙ ጊዜ ትን የሚለው እንጀራው ሳይሆን ውሃው ነው። ወፈር ያለ አጥሚት እየወረደላቸው ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ፣ ያንኑ ጽፈሽ ለነርሷ ንገሪ። ለልጅቷም በቁጣ አይደለም፤ ማንኪያውን ስጫትና አብረሽ አሳያት።

ሱሉልታ፦ ሲስተር፣ እኔ ያለሁበት እናት የስኳር ታማሚ ናቸው። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ይላሉ። ቤተሰቡ ኢንሱሊኑን «አንቺ ውጊያቸው» አለኝ።

ሲስተር፦ አይሆንም። ከላይ ምን አልኩ? መርፌ የእናንተ አይደለም። ምግብ ሳይቀመስ ኢንሱሊን መውጋት ደግሞ ስኳራቸውን ጥሎ ሊገድላቸው ይችላል። ጾሙን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ አንቺ ዳኛ አትሁኚ። የሚያልባቸው፣ የሚንቀጠቀጡ ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጪና ለነርሷ ደውዪ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይገባም። በጎናቸው አስተኝተሽ 907 አምቡላንስ ጥሪ።

ሰንዳፋ፦ የሚያገላብጡት በየስንት ሰዓቱ ነበር?

ሲስተር፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የለገጣፎ ልጅ፦ በየ2 ሰዓቱ በቅቤ 😂

ሰበታ፦ ይኼ ልጅ ዛሬ ለቀቅ አያደርገኝም።

አያት፦ ሲስተር አይቆጡ እንጂ፣ ሎግ ቡኩን (በየቀኑ የሠራነውን የምንጽፍበትን) ዓርብ ዓርብ አንዴ ብንሞላው ምን ችግር አለው? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሲስተር፦ ልንገርሽ። ተማሪ ሆኜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንዲት የማያጉረመርሙ እናት ነበሩ። የማገላበጫ ወረቀታቸው ላይ ስድስት ፊርማ አለ፣ ለየ2 ሰዓቱ አንድ አንድ። ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዴ ቁጭ ተብሎ የተፈረመ። ጠዋት ነርሷ ካልሲያቸውን ስታወልቅ ተረከዛቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ፊርማው የኔ ነበር። ማንም አልጮኸብኝም። ነርሷ ወረቀቱን አይታ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ካልሲውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አያት፦ ...እሺ ሲስተር።

ጀማሪዋ፦ ጓንት ካደረግኩ እጄን መታጠብ አለብኝ?

ሲስተር፦ ከማድረግሽ በፊትም፣ ካወለቅሽ በኋላም። በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ቧንቧው ከጠፋ በአልኮል፤ እጅሽ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለበት ግን አልኮል አይበቃም፣ ከጀሪካን አስቀጂ።

ኮዬ ፈጬ፦ ሲስተር፣ አሁን እሳቸው ጋ ነኝ። ካልሲያቸውን አወለቅኩ። የግራው ተረከዝ ይሞቃል፣ ከቀኙም ጠቆር ብሏል። ፎቶ ልላክ?

ሲስተር፦ እንዳትልክ! የታካሚ ፎቶ ግሩፕ ላይ አይወጣም። አትሸው። ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርግ፣ ተረከዙ አየር ላይ ይዋል። አሁኑኑ ለነርሷ ደውል። ያየኸውን ከነሰዓቱ ጻፍ።

ኮዬ ፈጬ፦ ደወልኩ፣ ጠዋት ትመጣለች። 3 ሰዓት ከ40 ብዬ ጽፌያለሁ።

ሲስተር፦ 5 ከ40 ላይ ደግሞ ትነሳለህ።