«የቱን ቀድሜ ልይ?» ስለ «ሙድ ኢንዲጎ» ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሰሞን ስለ አንድ የጃፓን የፍቅር ድራማ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። ዛሬ ቦታውን በሙሉ ለእናንተ ሰጥቻለሁ።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሲዝን «ዘ ኖቨሊስት» በሚል ስም ይታወቃል። በ2018 በፉጂ ቴሌቪዥን የኢንተርኔት አገልግሎት ወጣ። በ2019 ደግሞ ከዚያ በፊት የሆነውን የሚተርክ ሲዝን መጣ፤ «ሙድ ኢንዲጎ»። ሁለቱም ስድስት ስድስት ክፍል ናቸው። መነሻቸው የማሩኪዶ ማኪ የሥዕል ልቦለድ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሚኪ ኮይቺሮ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ታሪኩ የሚጀምረው በሙድ ኢንዲጎ ከሆነ ለምን ከእሱ አልጀምርም? ወንድሜ በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል እዪ ይለኛል።» (ከአዳማ)

ወንድምሽን በዚህ አትስሚው። በወጡበት ቅደም ተከተል እያቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ኩዙሚ የሚባል ተማሪ በብስክሌት አንድ ሰው ይገጫል። የሰውየው ክንድ ይሰበራል። ሰውየው ኪጂማ ሪዮ ነው፤ ወሲብ ቀስቃሽ ልቦለድ የሚጽፍ ደራሲ። ካሳ የሚከፍልበት ገንዘብ የሌለው ልጅ፣ በካሳው ምትክ ኪጂማ ቃል በቃል የሚነግረውን እየጻፈ ይሠራለታል። ኪዶ የሚባል የአሳታሚ ድርጅት አዘጋጅ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ይመጣል፣ አንድ ነገር ይናገራል፣ ይሄዳል። ሙሉ ሲዝኑን ስታዪ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያየው ትያለሽ። መልሱ ያለው በሁለተኛው ሲዝን ነው። መልሱን ቀድመሽ ካየሽ ጥያቄው ይጠፋብሻል።

«ኪጂማ በመጨረሻ ከማን ጋር እንደሚሆን እያወቅኩ ወደ ኋላ ተመልሼ የኪዶን ታሪክ ማየት ምን ይጠቅመኛል? ጊዜ ማባከን አይሆንም?» (ከአዲስ አበባ)

አይሆንም ወንድሜ። ይህን ጥያቄ ብዙዎች ልከውልኛል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

«ሙድ ኢንዲጎ» የሚከፈተው በለቅሶ ነው። አስተማሪያቸው ሞተዋል። ኪጂማና ኪዶ በዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ለዓመታት አልተገናኙም። እዚያ ለቅሶ ላይ ተያዩ። ኪጂማ ከባድ ሥነ ጽሑፍ ይጽፋል፤ መጽሐፉ ግን አይሸጥለትም። ኪዶ ደግሞ እሱም የመጻፍ ሕልም የነበረው ሰው ነው፤ አሁን የወሲብ ልቦለድ በሚያሳትም ድርጅት አዘጋጅ ሆኗል። ጓደኛውን ወደዚያ ሥራ የሚያስገባው እሱ ነው። ሞት አፋፍ ላይ ወዳሉ፣ ጋሞዳ ወደሚባሉ አንጋፋ ደራሲ ይወስደዋል፤ ኪጂማም ደቀ መዝሙራቸው ይሆናል።

መጨረሻውን ማወቅሽ ወይም ማወቅህ እዚህ ላይ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም አንጀት የሚበላው እሱ ነው። ኪዶ ባነበበ ቁጥር፣ ዝም ባለ ቁጥር፣ «ኧረ ተናገር!» ያሰኛል። አይናገርም። እኛ ደግሞ ያልተናገረው ምን እንዳስከፈለው አስቀድመን አይተናል። ለእኔ የድራማው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ጽሑፍ ሲወለድ ሁልጊዜ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ገጽ ይቀበላል። ስሙ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የአንዱ ብቻ ነው። ይህ ሲዝን ስሙ ላልወጣው ሰው የተሠራ ነው። ዮሺዳ ሙኔሂሮ ኪዶን ሲጫወት ፊቱን ሳይሆን እጁን ተመልከት። ወረቀት ሲይዝ ብቻ ነው የሚረጋጋው።

«ልጄ፣ ፍቅሩ በሁለት ወንዶች መካከል መሆኑን ለምን አልነገርሽንም? ከልጅ ልጆቼ ጋር ልከፍተው ነበር።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ልክ ነዎት እናቴ፣ ይቅርታ። አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አዎ፣ የፍቅር ታሪኩ የወንዶች ነው፤ በሁለቱም ሲዝን። በጃፓን ይህ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ በአብዛኛው የሚጽፉትም የሚያነቡትም ሴቶች ናቸው። የመኝታ ቤት ትዕይንቶችም አሉበት። ስለዚህ ለልጆች አይሆንም፤ የአዋቂ ድራማ ነው። ማየት አለማየቱን ለእርስዎ እተወዋለሁ። እኔ የወደድኩት ሁለት ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲነጋገሩ እንዲህ እውነት የሆነ ድራማ እምብዛም ስለማላይ ነው።

«አንድ ሰው እየተናገረ ሌላው እየጻፈ ልቦለድ ይጻፋል እንዴ? የድራማ ነገር አይደለም?» (የማታ ተማሪ ነኝ ያለ)

ይጻፋል። ታኒዛኪ ጁንኢቺሮ ከጃፓን ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ ነው። ከ1958 ጀምሮ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ሲለው የመጨረሻ ዘመን ሥራዎቹን እየተናገረ ጸሐፊዎቹ ይጽፉለት ነበር።

ጃፓንኛ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉና ትርጉሙ የሚለያይ ቃል ሞልቷል። «ካኩ» ብልህ መጻፍ ሊሆን ይችላል፣ መሳል ሊሆን ይችላል፣ መጉደልም ሊሆን ይችላል። ለእኛ አይገርመንም። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ከሆነ ፀሐይ ወጣች፤ በእሳቱ ሰ ከሆነ ሌባ ገባ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ችግር በየመስመሩ ሲመጣ አስበው። ጸሐፊው ዝም ብሎ የሚቀዳ ማሽን አይሆንም። ሐሳቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባው መጠየቅ አለበት። የሚጻፈው ደግሞ ለብቻ የሚነበብ ነገር ነው። ኩዙሚ ጆሮው ድረስ ቢቀላ ይፈረድበታል?

ወረቀቱንም አስተውል። ጃፓኖች «ጌንኮ ዮሺ» የሚሉት ነው። 20 በ20፣ በድምሩ 400 ትንንሽ ሳጥን። አንድ ፊደል በአንድ ሳጥን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ነጥቧ እንኳ የራሷ ሳጥን አላት። የአንድ ጽሑፍ ርዝመት እስከ ዛሬ ድረስ «ባለ 400 ይህን ያህል ቅጠል» ተብሎ ይቆጠራል።

«አዘጋጅ ማለት እኛ አገር ስህተት የሚያርም ነው። ኪዶ ግን ቤት ድረስ እየሄደ ይጨቀጭቃል፣ ይጠብቃል። እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

እውነት ነው። በጃፓን ደራሲ የራሱ የተመደበለት አዘጋጅ አለው። ሐሳቡን አብሮ ያወጣል፣ ረቂቁን ይቀበላል፣ ቀኑ ሲደርስ ደጅ ይጠናል። «ካንዙሜ» የሚሉት ነገርም አላቸው። ቃሉ የታሸገ የቆርቆሮ ምግብ ማለት ነው። ረቂቁ አልጨርስ ያለውን ደራሲ ሆቴል ያስገቡትና እስኪጨርስ አይለቁትም። ቶኪዮ ውስጥ በ1954 የተከፈተ «ያማ ኖ ዌ» የሚባል ሆቴል በዚህ ታዋቂ ነበር። እነ ካዋባታ ያሱናሪና ሚሺማ ዩኪዮ ያሉ ታላላቅ ደራሲዎች ያርፉበት ነበር። የካቲት 2024 ላይ ሥራ አቆመ። እኔ አዝኛለሁ።

«ኪጂማ የወሲብ ልቦለድ መጻፉን እንደ ውርደት የሚያየው ለምንድን ነው? እንጀራው አይደለም?» (ከአዳማ)

እንጀራው ነው። ግን ጃፓን ውስጥ በሁለት ጎራ መካከል የቆየ አጥር አለ፤ በአንድ በኩል «ንጹሕ ሥነ ጽሑፍ» የሚሉት፣ በሌላው ሰፊው ሕዝብ የሚያነበው። ሽልማቱ ራሱ ተከፍሏል። ኪኩቺ ካን የሚባል ደራሲ በ1935 ሁለት ሽልማት አቋቋመ። የአኩታጋዋ ሽልማት ለመጀመሪያው ጎራ ጀማሪዎች፣ የናኦኪ ሽልማት ለሁለተኛው። ኪጂማ ያደገው የመጀመሪያውን እያለመ ነው። አንጋፋው ጋሞዳ ደግሞ አጥሩን ከምንም አይቆጥሩትም። ለእሳቸው ዓረፍተ ነገር ወይ ሕይወት አለው ወይ የለውም። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

«የጃፓን ደራሲ በድራማ ሁሉ የተሰቃየ ነው። ጥሩ ለመጻፍ መሰቃየት ግድ ነው?» (የማታ ተማሪው በድጋሚ)

ይህን ጥያቄ ደስ ብሎኝ አይደለም የምመልሰው፤ ግን ልመልስ። ጃፓኖች ደራሲው የራሱን ገመና ገልጦ የሚጽፍበት ልማድ አላቸው፤ ከ1907 አካባቢ ጀምሮ ሥር የሰደደ ነው። አንባቢውም የደራሲውን ሕይወትና መጽሐፉን አንድ አድርጎ ማየት ለመደ። ዳዛይ ኦሳሙ የመጀመሪያው የአኩታጋዋ ሽልማት ላይ ታጭቶ ተሸነፈ። ለሁለተኛው እንዲረዱት በ1936 ለሽልማቱ ዳኛ ለሳቶ ሃሩኦ ደብዳቤ ላከ። ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። እየለመነ 4 ሜትር ሙሉ በብሩሽ የጻፈ ሰው! ሽልማቱን አላገኘም። ዛሬ ሰው ይህን እንደ ውብ ታሪክ ያወራዋል። ለእሱ ግን ውብ አልነበረም።

«ሙድ ኢንዲጎ»ን ያከበርኩት እዚህ ላይ ስለማይዋሽ ነው። ኪጂማ ሲከፋው አይጽፍም። ይተኛል፣ ይጠጣል፣ ይደበቃል። የሚጽፈው አንድ ሰው ጽሑፉን ሲጠብቅ ነው። አንተም የምትጽፍ ከሆነ፣ እንደጠረጠርኩት፣ ከሥቃይ ይልቅ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ። ጭንቀቱ ከበዛብህ ደግሞ ለቅርብ ሰው ንገር፤ ለብቻህ አትያዘው።

«ሙድ ኢንዲጎ የዱክ ኤሊንግተን ሙዚቃ አይደለም?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ አንባቢ)

ነው፤ በ1930 የወጣ። የድራማው የጃፓንኛ ስም «የኢንዲጎ ስሜት» ማለት ነው፤ ያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ከጃንሆይ እጅ ተሸልሟል፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኝቷል። ሙዚቃውን አንድ ምሽት ብቻችሁን ስሙት፤ ከድራማው በፊትም ቢሆን።

«ከዚህ በኋላ አለ?» (ብዙዎች)

አለ። በ2021 ፊልም ወጥቷል፤ የኪጂማንና የኩዙሚን ታሪክ ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ይቀጥላል። ሁለቱን ሲዝን ሳትጨርሱ ግን እንዳትነኩት።