መልስ፦ መካነ ኢየሱስ ላደገ አባት፣ ስለ ልጁ ጥምቀት

ወንድሜ፣ አንተ መካነ ኢየሱስ፣ ባለቤትህ ሙሉ ወንጌል አድጋችሁ፣ ሕፃኗን አሁን እናስጠምቅ ወይስ አድጋ ራሷ አምና ትጠመቅ በሚለው አልተስማማንም ብለሃል። እኛም ቤት ይኸው ጥያቄ ነበር።

እኔ ያደግሁት ነቀምት ነው። ማታ ከእራት በኋላ አባቴ ፋኖሱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳብ አድርጎ ትንሹን ካቴኪዝም፣ የእምነት መማሪያውን መጽሐፍ፣ ይከፍታል። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ያወጣው ነው፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ቀጥሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» እያለ ይጠይቃል። ስንሳሳት አባቴ አይቆጣም፤ ደግሞ ይጠይቀናል። ዛሬ ልጆቼን የማናግራቸው በዚያው ጥያቄ ነው፤ ስንጸልይ ብቻ ሳይሆን ሲጣሉም ጭምር።

ለእኛ ለመካነ ኢየሱሶች ጥምቀት እግዚአብሔር ለሕፃኑ የሚሰጠው ጸጋ ነው፤ ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ በኮንፈርሜሽን፣ በእምነት ማጽኛው ሥርዓት፣ በራሱ አፍ ይመሰክራል። ለባለቤትህ ደግሞ ጥምቀት ያመነ ሰው ምላሽ ነው። እሷ የልጅቷን እውነተኛ እምነት ስትጠብቅ አንተ ጸጋው እንዲቀድም ትፈልጋለህ፤ ማናችሁም እግዚአብሔርን አላቃለላችሁም። እኛ ይህ ሳይገባን ብዙ ተኳርፈናል፣ እናቴም አልቅሳለች። በኋላ ትልቋን በሕፃንነቷ ስናስጠምቅ አቅፈዋት የቆሙት የባለቤቴ እናት ናቸው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ፦ ቄሱ ዘንድ ብቻህን አትሂድ፣ አብራችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን የእሷን ወላጆች ቤታችሁ ጠርታችሁ አዳምጧቸው።